የስምጥ ሸለቆ ስብራቶች መቼ እንደተንቀሳቀሱ በምን ይታወቃል?

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የጀመረው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በታኅሣሥና በጥር እየበረታ ሲሄድ፣ ንዝረቱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መሃል ድረስ ይሰማ ነበር። ታኅሣሥ 26 ንጋት ከመድረሱ በፊት የደረሰው መጠኑ 5.7 ነበር፤ የካቲት 7 ማታ የደረሰው ደግሞ ወደ 6 የተጠጋ ነበር። ካዛንቺስና አራት ኪሎ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው አምፖሉ ሲወዛወዝ እያየ ልጆቹን ይዞ ደረጃ ወርዷል። በማግሥቱ በየቢሮውና በየቡና ቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሌላ ይመጣ ይሆን? ከመጣስ መቼ?

የሥነ ምድር ባለሙያ ይህን ጥያቄ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይኸው ስብራት ከዚህ በፊት የተንቀሳቀሰው መቼ መቼ ነው? ያለፈውን የእንቅስቃሴ ታሪክ ሳያውቁ ስለ ወደፊቱ የሚሰጥ ግምት መሠረት አይኖረውም። ችግሩ ስብራት በራሱ ላይ ቀን የማይጽፍ መሆኑ ነው። አለት ዕድሜው ሊለካ ይችላል፤ አጥንትና ከሰልም እንዲሁ። ስብራት ግን አለቶች የተላለፉበት ድንበር እንጂ ራሱን የቻለ ነገር ስላልሆነ፣ ዕድሜው የሚታወቀው ከጎረቤቶቹ ምስክርነት ነው። ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑና ቃላቸው እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ሥራ ነው።

ስብራት ሲባል፣ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ «ፎልት» የሚሉት፣ ተራ ስንጥቅ ማለት አይደለም። የመሬት ቅርፊት ከመሰንጠቁም በላይ የስንጥቁ ሁለት ጎኖች እርስ በርስ ሲንሸራተቱ፣ አንዱ ሲወርድ ወይም ሌላው ከፍ ብሎ ሲቀር ነው ስብራት የሚባለው። በእኛ አገር ይህ የሚሆነው የሶማሊያ ፕሌት (ፕሌት ማለት የመሬት ቅርፊት የተከፋፈለበት አንድ ግዙፍ ክፍል ነው) ከኑቢያ ፕሌት በዓመት ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስለሚርቅ ነው። አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖር በዕድሜው ሙሉ ሁለቱ የሚራራቁት ከስንዝር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን መሬቱ ይህችን ርቀት በየዓመቱ እኩል እያከፋፈለ አይለቃትም። ለብዙ መቶ ወይም ለብዙ ሺህ ዓመታት ተወጥሮ ይቆይና በሰከንዶች ውስጥ ይለቀቃል። ስለዚህ ስብራትን መረዳት ማለት እነዚያን ሰከንዶች በረጅሙ የዘመን መስመር ላይ ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው።

የሥራው ሁሉ መሠረት የሆነውን ሐሳብ ለማየት ከከተማችን መውጣት አያስፈልግም። ፒያሳ አካባቢ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱን እናስብ። ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ በቅርቡ ደግሞ ቀለም ተቀባ። አሁን አንድ ስንጥቅ ይታያል። ቀለሙን በቢላ ስንፍቅ ስንጥቁ ልስኑን ለሁለት ከፍሎታል፤ ቀለሙ ግን ስንጥቁን ሸፍኖ ሙሉ ሆኖ አልፏል። እንግዲህ ግድግዳው የተሰነጠቀው ከልስኑ በኋላ፣ ከቀለሙ በፊት ነው። ልስኑ በ1990፣ ቀለሙ በ2010 እንደሆነ የሚያሳይ ደረሰኝ ካለን፣ ስንጥቁን ያየ አንድም ሰው ባይኖር ክስተቱን በ20 ዓመት ውስጥ አጥረነዋል። የሥነ ምድር ባለሙያው ሥራ ይኸው ነው፦ በስብራቱ የተቆረጠውን የመጨረሻ ንብርብርና ስብራቱን የሸፈነውን የመጀመሪያ ንብርብር ማግኘት፣ ከዚያም የሁለቱን ዕድሜ መለካት። የተቆረጠው ንብርብር ብቻ ተገኝቶ የሸፈነው ካልተገኘ፣ ማለት የሚቻለው «ከዚህ ወዲህ» ብቻ ነው። በመገናኛ ብዙኃን «ስብራቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው» ሲባል ስሰማ ብዙ ጊዜ የሚያሳስበኝ፣ የአለቱ ዕድሜ የስብራቱ ዕድሜ ተደርጎ መነገሩ ነው። ልስኑ አሮጌ ስለሆነ ስንጥቁም አሮጌ ነው ማለት አይደለም።

ደረሰኞቹስ ከየት ይገኛሉ? በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያገለግለው የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ እሱን የምንቆጥርበት ሰዓት ደግሞ ፖታሺየምና አርጎን ነው። ከአምስት ኪሎ ዝቅ ብሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም የጎበኘ ሰው የዚህን ሰዓት ውጤት ሳያውቀው አንብቦታል። ድንቅነሽ ወይም ሉሲ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት ሲባል፣ የተለካው አጥንቷ ሳይሆን በሐዳር ከአጥንቷ ጋር ተያይዞ ከሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ የተለቀሙ ጥቃቅን ክሪስታሎች ናቸው። በፖታሺየም ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት አቶም ቀስ በቀስ እየተለወጠ ከፊሉ አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል፤ ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። አለቱ ቅልጥ ሳለ ጋዙ ከድስት እንደሚወጣ እንፋሎት ያመልጣል፤ ክሪስታሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ክዳኑ ተገጥሟልና የሚፈጠረው አርጎን ሁሉ ውስጡ ይጠራቀማል። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዷን ክሪስታል በሌዘር አቅልጦ የተጠራቀመውን ጋዝ መቁጠር፣ ክዳኑ ከተገጠመ ስንት ዘመን እንደሆነ ይናገራል።

ይህ ሰዓት ለሚሊዮን ዓመታት አስተማማኝ ሲሆን ወደ እኛ ዘመን እየቀረበ ሲመጣ ይቸግራል። አንድ መቶ ሺህ ዓመት ብቻ በሆነው አለት ውስጥ የተጠራቀመው አርጎን እጅግ ጥቂት ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ደግሞ አንድ መቶኛ የሚጠጋው አርጎን በመሆኑ ከውጭ የገባውን ከውስጥ ከተፈጠረው መለየት አድካሚ ነው። በሐይቆቹ ክልል ያለው የሻላ እሳተ ገሞራ ያደረሰው አንድ ታላቅ ፍንዳታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አመዱ በኮንሶና በኦሞ ኪቢሽ ተገኝቶ፣ በኬሚካላዊ ይዘቱ ከምንጩ ጋር ከተመሳከረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት ዕድሜውን 233 ሺህ ዓመት አድርጎታል፤ ከነልዩነቱ፣ 22 ሺህ ዓመት ወደላይ ወይም ወደታች። ውጤቱ ለሰው ዘር ታሪክ ትልቅ ዜና ነበር፤ በኪቢሽ የተገኘው የጥንት ሰው ቅሪት ከዚያ አመድ በታች ነውና። ለስብራት አጥኚ ግን 22 ሺህ ዓመት ስንት የመሬት መንቀጥቀጥ ሊያልፍበት የሚችል ዘመን ነው። በሌላ በኩል አመዱ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መበተኑ ትልቅ ሀብት ነው። አንድ ቀን በሰፊ አገር ላይ የተረጨ ኖራ ማለት ነው፤ በየትኛውም ቦታ ይኸው ኖራ ተቆርጦ ሲገኝ፣ ቆራጩ ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ መሆኑ ይታወቃል።

የአዲስ አበባ ልጅ ይህን የአለት የቀን መቁጠሪያ በአንድ ቀን መኪና ሊያነበው ይችላል። የእንጦጦ አለቶች ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ ናቸው፤ ወደ ከተማው መሃል ስንወርድ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠሩ ባዛልቶችና (ጥቁር የላቫ አለቶች) ኢግኒምብራይቶች (ከፍንዳታ የወጣ የጋለ አመድ ተጣብቆ የሠራቸው አለቶች) ላይ እንቆማለን፤ ቢሾፍቱ ስንደርስ ሐይቆቹን የያዙት የፍንዳታ ጉድጓዶች በሥነ ምድር ሚዛን የትናንት ናቸው። ወደ ስምጥ ሸለቆው በተጠጋን ቁጥር አለቱ ወጣት እየሆነ፣ ማለትም ዕድሜው እያነሰ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ስብራቱም የተጓዘው በዚሁ አቅጣጫ ነው። በሰሜናዊው የዋናው ኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የዳር ዳር ታላላቅ ስብራቶች የጀመሩት ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ግን አብዛኛው መለያየት ወደ ሸለቆው ወለል፣ የወንጂ የስብራት መቀነት ወደሚባለው ጠባብ መስመር ተዛውሯል። ስሙን የሰጡት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሆነው ያጠኑት ፖል ሞር ናቸው። ከዝዋይ ወደ ደቡብ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለያል፤ በላንጋኖ በኩል ያሉት የዳር ስብራቶች ዛሬም ሥራቸውን አላቆሙም። አንድ የተማሪ መጽሐፍ «የዳሩ ሞቷል፣ የመሃሉ ሕያው ነው» ብሎ ቢደመድም፣ ለሰሜኑ ያደላ እንጂ ለሁሉም የሚሠራ ቃል አይደለም።

ፈንታሌን እንመልከት። ከ170 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከዚያ ተራራ የወጣው ኢግኒምብራይት በዙሪያው ሜዳውን ሸፍኖ ነበር፤ ዛሬ ያ ንጣፍ በብዙ ስብራቶች ተቆራርጦ ደረጃ በደረጃ ሆኖ ይታያል። በ1820 አካባቢ እ.ኤ.አ. የፈሰሰው ጥቁር ላቫ ደግሞ በላዩ አለ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ስሌት ይመጣል። አንድ የተቆረጠ ንጣፍ 170 ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው፣ ደረጃው ደግሞ 34 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። 34 ሜትርን ለ170 ሺህ ብናካፍል በዓመት 0.2 ሚሊ ሜትር እናገኛለን። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ትርጉሙ ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ስብራቱ ለ150 ሺህ ዓመት ተኝቶ 34 ሜትሩን ሁሉ በመጨረሻው 20 ሺህ ዓመት ተንቀሳቅሶት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የዛሬው ፍጥነቱ ከአማካዩ ስምንት እጥፍ ከግማሽ ይበልጣል። አንድ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ መቶ ሺህ ብር ቆጠበ ሲባል በየወሩ እኩል አስቀመጠ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ አማካይ ፍጥነት የእንቅስቃሴውን ልማድ አይነግረንም። ልማዱን ለማወቅ በተቆረጠው ንጣፍና በዛሬ መካከል ያሉ ሌሎች ምስክሮች ያስፈልጋሉ።

ሐይቆቹ እዚህ ላይ ይረዱናል። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ምሥራቅ አፍሪካ ዛሬ ከምናውቀው እጅግ በረጠበበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው ነበር። የውኃው ወለል ከዛሬው ዝዋይ ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ሲቀንስ ሐይቁ እየሸሸ የዳርቻ እርከኖችን ትቶ ሄደ። የሐይቅ ዳርቻ ሲሠራ አግድም ነው፤ ውኃ ጠማማ ሆኖ አይቆምም። ስለዚህ ያው ዳርቻ ዛሬ በአንድ ቦታ ከሌላው ከፍ ብሎ ወይም ተሰብሮ ከተገኘ፣ መሬቱ የተንቀሳቀሰው ሐይቁ ከሸሸ በኋላ ነው። ተፈጥሮ ራሷ ውኃ ልክ ይዛ ለክታልናለች ማለት ይቻላል፤ ለእኔ ከስብራት ጥናት ሁሉ ይህን የመሰለ ውብ ማስረጃ የለም።

የእነዚህን ዳርቻዎች ዕድሜ የሚናገረው በውስጣቸው ያለው ቀንድ አውጣና ዛጎል ነው፤ የሚለካውም በሬዲዮካርቦን። ሕይወት ያለው ነገር በሕይወት ሳለ ካርቦን ከአካባቢው ይወስዳል፤ ሲሞት መውሰዱ ይቆምና በውስጡ ያለው ጨረራማ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ሲሆን የሚቆጠር ነገር አይተርፍም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ፦ ከመሬት በታች የሚወጣ የእሳተ ገሞራ ጋዝና የሙቅ ምንጭ ውኃ ከዘመናት በፊት ጨረሩን የጨረሰ ካርቦን ወደ ሐይቁ ይጨምራል። በዚያ ውኃ ያደገች ቀንድ አውጣ ዛሬ ብትሞት እንኳ በቤተ ሙከራ ያረጀች መስላ ትታያለች። ከሰል ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ከሌላ ቦታ በጎርፍ ተጠርጎ የመጣ የቆየ ከሰል ሊሆን ይችላል። ጠንቃቃ አጥኚ ከአንድ ንብርብር አንድ ናሙና ለክቶ የማይረካው ለዚህ ነው።

ከሰልም ዛጎልም በሌለበት አሸዋውን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። የአሸዋ ቅንጣት በጨለማ ውስጥ ሲቀበር፣ በዙሪያው ካለው አፈር የሚወጣ ደካማ ጨረር ቀስ እያለ ጉልበት ይሞላዋል፤ ፀሐይ ሲያየው በአጭር ጊዜ ባዶ ይሆናል። በጨለማ የሚሞላና በብርሃን የሚራገፍ ባትሪ እንደማለት ነው። ሉሚነሰንስ የሚባለው ዘዴ ቅንጣቱ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ካየ ስንት ዓመት እንደሆነው ይለካል። ናሙናው የሚወሰደው የብረት ቱቦ ወደ ንብርብሩ በመዶሻ ተመትቶ፣ ብርሃን ሳያየው ተሸፍኖ ነው፤ ቤተ ሙከራውም በደብዛዛ ቀይ መብራት ብቻ ይሠራል። ዘዴው በእኛ አገር የሚቸገረው፣ ለዚህ የሚመረጠው ኳርትዝ በስምጥ ሸለቆው አለቶች ውስጥ ጥቂት ስለሆነና ከእሳተ ገሞራ የመጣው ፌልድስፓር ደግሞ የሞላውን ጉልበት ቀስ በቀስ ስለሚያፈስ ነው። ሳይታረም ከቀረ ንብርብሩ ከእውነተኛ ዕድሜው ያነሰ ይመስላል። አዲስ የተጋለጠ የገደል ፊትን በጠፈር ጨረር በሚፈጠሩ አቶሞች፣ ለምሳሌ በባዛልት ውስጥ በሚጠራቀም ሂሊየም፣ መለካትም ይቻላል።

እነዚህ ሰዓቶች ሁሉ የሚሰበሰቡት በአንድ ቦይ ውስጥ ነው። አጥኚዎች በስብራቱ ላይ በአግድም አቋርጠው ጥቂት ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፍራሉ፤ ግድግዳውን በመፋቂያና በብሩሽ አጽድተው፣ በክር በየሜትሩ ሸንሽነው እያንዳንዱን ንብርብር ይስላሉ። የሚፈልጉት አንድ የታወቀ ቅርጽ ነው። መሬት ተንቀጥቅጦ አንዱ ጎን አንድ ሜትር ሲወርድ ቀጥ ያለ እርከን ይፈጠራል። እርከኑ በክረምት ዝናብ እየተናደ በእግሩ ሥር የሽብልቅ ቅርጽ ያለው የድንጋይና የአፈር ክምር ይሠራል። ከዚያ ዝምታ ይሰፍናል፤ በክምሩ ላይ ሣር ይበቅላል፣ ጥቁር አፈር ይፈጠራል። ቀጣዩ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ያንን ጥቁር አፈር ይቆርጠውና በላዩ ሌላ ሽብልቅ ይደረባል። ሦስት ሽብልቅ የተገኘበት ቦይ ሦስት መንቀጥቀጥ ያስታውሳል ማለት ነው፤ በሽብልቆቹ መካከል ያለው ጥቁር አፈር ሲለካ ደግሞ በመካከላቸው ያለፈው የዝምታ ዘመን ይታወቃል።

ይህ ዘዴ ያደገው እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ አገሮች ስለሆነ፣ ወደ እኛ ስናመጣው አንድ ትልቅ ማስተካከያ ይጠይቃል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ሰንጥቆ ሲገባ፣ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል፤ በላዩ ያሉ ስብራቶችም በሜትር የሚቆጠር እርከን ሠርተዋል። ሆኖም በዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት መንቀጥቀጦች አንዱም መጠኑ 6 አልደረሰም። ከሺህ ዓመት በኋላ በዚያ ላይ ቦይ የሚቆፍር ሰው እርከኑን አይቶ «እዚህ እጅግ ከባድ መንቀጥቀጥ ነበር» ቢል ይሳሳታል። በ2017ቱ የፈንታሌ ክስተትም የሳተላይት መለኪያዎች ከመሬት በታች የቅልጥ አለት መግባትን አሳይተዋል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆው ወለል የሚገኝን እርከን ስናነብ፣ የሠራው በመንቀጥቀጥ የተለቀቀ ውጥረት ነው ወይስ ከሥር የገባ ቅልጥ አለት የሚለውን ጥያቄ ከዕድሜው እኩል ማንሳት ግድ ነው።

የጽሑፍ ታሪካችንም ምስክር ነው፤ ግን አጭር ምስክር። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በስምጥ ሸለቆው የደረሰው ከባድ መንቀጥቀጥ፣ ገና ሃያ ዓመት የሆናትን ከተማ ነቅንቋታል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለችው ካራቆሬ (በስም የምትመሳሰላት የአዲስ አበባ ሰፈር አይደለችም) የደረሰው የማጀቴን ከተማ ክፉኛ ጎድቷል። እነዚህንና ከእነሱ በፊት የነበሩትን ከዜና መዋዕል፣ ከመንገደኞች ማስታወሻና ከመሣሪያ ንባብ እያሰባሰቡ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ያሳተሙት፣ በአራት ኪሎ የሚገኘውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን ናቸው። ለእሳቸው ሥራ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ይሁንና አንድ ስብራት የሚመላለሰው በየሁለት ሺህ ዓመቱ ከሆነ፣ የስድስት መቶ ዓመት መዝገብ አንድም ጊዜ ላያገኘው ይችላል፤ ያ ስብራት በመዝገቡ ላይ አለመኖሩ ለደኅንነቱ ዋስትና አይሆንም።

በከተማችን መሃል ደግሞ የፍልውሃ ስብራት አለ። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ታች የሳበው ሙቅ ውኃ በዚህ መስመር ነው የሚወጣው። ውኃው መስመሩ ወደ ጥልቁ ክፍት መሆኑን ይነግረናል፤ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተንሸራተተ ግን አይነግረንም። ለዚያ የሚያስፈልገው በመስመሩ ላይ የተኛ፣ ያልታወከ የአፈር ወይም የአመድ ንብርብር ነው፤ ከተማው ደግሞ በሕንፃና በአስፋልት ተሸፍኗል። ቦይ መቆፈሪያ ቦታ የለም፤ ነገር ግን በካዛንቺስ፣ በስታዲየምና በፍልውሃ ዙሪያ ለፎቅ መሠረት በየወሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። ባለፈው ሰሞን ከአንዱ አጥር ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ፣ ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ቀይ አፈር፣ ከዚያም የበሰበሰ አለት በጠራ ግድግዳ ላይ ተዘርግተው ነበር። በሳምንቱ ስመለስ ኮንክሪት ሞልቶበታል። ከቁፋሮውና ከኮንክሪቱ መካከል ባሉት ቀናት አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ገብቶ ግድግዳውን ፎቶ ቢያነሳ፣ ንብርብሮቹን ቢስልና ከእያንዳንዱ አንድ ከረጢት አፈር ቢወስድ፣ ግንባታው በግማሽ ቀን እንኳ አይዘገይም ነበር።